አጎቴ አገሩን ያዩበት ቅዳሜ

ባሕር ዳር ላይ ቤት ያለው ሰው ቤት አለኝ ብሎ ባይመካ ይሻለዋል፤ ያለው የእንግዳ ማረፊያ ነው። ዘመድ የተባለ ሁሉ፣ የዘመድ ጎረቤት፣ የጎረቤት ሚዜ ሳይቀር፣ ጣናን አያለሁ ብሎ ሲነሣ መጀመሪያ የሚያየው የእኛን በር ነው። ባሌ የዚሁ አገር ልጅ ስለሆነ እንግዳ ሲመጣለት ደስታው ወሰን የለውም። ሐይቁን እሱ በአካፋ የቆፈረው ይመስል ደረቱን ነፍቶ ይዟቸው ይወጣል። ጠዋት ጀልባ ያሳፍራቸዋል፣ የዘጌን ጫካ ያዞራቸዋል፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ ያሳያቸዋል። ምሳ ሰዓት ላይ ርቧቸው ሲመለሱ እኔ ዓሣ ጠብሼ እጠብቃለሁ።

ይህ ነገር ሰባት ዓመት እንዲሁ ቀጠለ። እኔ ከደብረ ብርሃን መጥቼ እዚህ በአንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት የምሠራ ሴት ነኝ። ሐይቁን ወደ ሥራ ስሄድ ከባጃጅ ውስጥ አየዋለሁ፤ እሑድ ከሰዓት ዳር ዳሩን በእግሬ ሄጄበታለሁ። ጀልባ ላይ ግን ወጥቼ አላውቅም ነበር። ጀልባው የሚነሣው ጠዋት ነው፣ ዓሣው የሚፋቀውም ጠዋት ነው፤ ሁለቱን ባንድ ጊዜ የምታደርግ ሴት ገና አልተወለደችም። ስለዚህ ስለ ጣና የማውቀው ወጥ ቤቴ ድረስ የመጣውን ያህል ነው፤ ቀረሶ የሚሉት ዓሣ ቅርፊቱ ይበዛል፣ አምባዛ ከእጅ ያመልጣል። ጉማሬንም የማውቃት እንግዶቻችን በሞላ አፋቸው ሲያወሩልኝ ነው። "እንዴት ያለ አገር ነው ያለሽው! መታደል!" ይሉኛል፣ እሾሁን ከጥርሳቸው መሀል እያወጡ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባላል። እኔ የዓባይ ምራት ነኝ፤ የእኔ ጥማት ተረት እንኳ አልወጣለትም።

ባለፈው ዓመት ወደ ደብረ ብርሃን ዝውውር ጠየቅሁ። ምክንያቴን ላብራራ ብል ብዙም የሚብራራ አልነበረውም፤ ሙቀቱ፣ ቢምቢው፣ የማያልቀው እንግዳ፣ የማያልቀው ቅርፊት። ብርድ ናፈቀኝ። ሰው ሲመጣ አስቀድሞ የሚደውልበት አገር ናፈቀኝ። ባሌ ፋብሪካ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ተከትሎኝ ይምጣ፣ ይቅር፣ አልተነጋገርንበትም። እንዲያውም ስለምንም አልተነጋገርንም፤ ስለ እንግዳ ካልሆነ በቀር።

ዝውውሩ የተፈቀደው ማንም ሳይጠብቀው ነው። መሄዴን ወይም መቅረቴን እስከ ሰኞ እንዳሳውቅ ተነገረኝ። ቤት ገብቼ ለባሌ ስነግረው ፊቱ ቀላ፣ ተነሣ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ተነሣ። አሁን "ለምን?" ብሎ ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ ስልኩን አንሥቶ ወደ በረንዳ ወጣና አጎቴ ጋ ደወለ።

አጎቴ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ደብረ ብርሃን አጠገብ ገብስ አራሽ ናቸው። አባቴ ሲሞት ያሳደጉኝ፣ ኋላም የዳሩኝ እሳቸው ናቸው፤ አባባ ነው የምላቸው። በእኛ ዘንድ ደግሞ የሚስት ነገር የሚመከረው ከሚስት ጋር አይደለም፣ ከሰጣት ሰው ጋር ነው። ሚስትየዋ ውጤቱን ትሰማለች። አባባ በስልክ ነገሩን አዳምጠው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "እንዲህ በሩቅ አይሆንም፤ መጥቼ አገሩን ልየው" አሉ። ጊደር ወደ ሌላ ቀበሌ የሚነዳ ሰው አስቀድሞ ግጦሹን አይቶ ይመለሳል። ግጦሹ ጣና ነበር፣ ጊደሯም እኔ።

አርብ ከሰዓት ከነካፖርታቸው ከአውቶቡስ ወረዱ። በካፖርቱ ላይ ጋቢ ደርበዋል። ላባቸው በግንባራቸው እየወረደ፣ "ይሄ አገር ምድጃ ላይ ነው እንዴ የተጣደው?" አሉኝ። ካፖርቱን ያውልቁት ብላቸው፣ ራቁትዎን ይሁኑ ያልኋቸው ይመስል ተመለከቱኝ። ከብርድ አገር የመጣ ሰው እንዲህ ነው፤ እኔም የመጣሁ ሰሞን እንዲሁ ነበርሁ።

ባሌ ዕቅዱን ቀድሞ ጨርሷል። ጢስ ዓባይን ከዕቅዱ አስወጣው፤ ፏፏቴው እንደ ሰፈራችን መብራት አንዳንድ ቀን አለ፣ አንዳንድ ቀን የለም፣ በትልቅ ሰው ፊት የሚያስተማምን አይደለም። ሐይቁ ግን የት ይሄዳል? ጫካው የት ይሄዳል? ጉማሬዋስ? "ጉማሬዋን ካዩ አለቀ!" አለኝ፤ ጉማሬዋ ሽማግሌ ሆና የምታስታርቀን ይመስል። ከዚያ፣ "አንቺ ዓሣውን በጊዜ አድርሺው" ብሎ ጨመረ።

ቅዳሜ ጠዋት ዘንቢሌን ይዤ ወደ ዓሣ ገበያ ልወጣ ስል አባባ በር ላይ ቆመው አዩኝ።

"አንቺስ ወዴት ነሽ?"

"ምሳ ላዘጋጅ ነው አባባ።"

"ምን ምሳ? እኔ ልጄን ላይ መጥቼ ከልጄ ባል ጋር ብቻዬን ውሃ ላይ ልንሳፈፍ? ትመጣለች። ምሳ ይዘን እንሄዳለን።"

ባሌ ዘንቢሌን ትክ ብሎ አየው። ምሳ ከቤት ወጥቶ በጀልባ ሲሄድ አይቶ አያውቅም። እኔ ግን ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ ድፎ ዳቦና ቅቅል እንቁላል በዘንቢል ከትቼ፣ ሻይ በፔርሙስ ሞልቼ፣ ከሁሉም ቀድሜ በር ላይ ቆምሁ።

ጀልባው ላይ ባሌ አባባን ደግፎ ከፊት አስቀመጣቸው። ራሱ ከጎናቸው ተቀመጠ። እኔና ዘንቢሉ ከኋላ፣ ከሞተሩና ከባለ ጀልባው ጎን ሆንን። ባለ ጀልባው ጠና ያለ፣ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ባሌን ሲያየው አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላም ካለው በኋላ የሚመጣውን ያውቃል መሰለኝ ሞተሩን አስጮኸው። ባሌ ከሞተሩ በላይ ይጮኽ ጀመር። ያን ንግግር በየእንግዳው አፍ ተቆራርጦ ሰምቼው ስለነበር ሙሉውን ሳገኘው ልቤ አልደነገጠም። "አባባ፣ ይኸ ሁሉ የምናየው ውሃ ዓባይን የሚያጠጣ ነው! ያ የሚታየው ደሴት! ያ ደግሞ ሌላው ደሴት!" ያለው ሁሉ እውነት ነው፣ ግን ዓይን ላለው ሰው ነው የሚናገረው።

ትንሽ እንደሄድን በስተቀኝ ውሃው አረንጓዴ ሆነ። እንቦጭ ነው፤ ሐይቁን የሚበላው ያ ክፉ አረም፣ አበባውን ከላይ አድርጎ እንደ ምንጣፍ ተዘርግቷል። ባሌ የአባባን ትከሻ ቀስ ብሎ ወደ ግራ አዞረ። "ወደዚህ ይመልከቱ አባባ፣ ወፎቹን ይመልከቱ!"

አባባ ግን የከብት ሰው ናቸው፣ አረንጓዴ አያመልጣቸውም። አንገታቸውን መልሰው፣ "ያ ግጦሽ ነው?" አሉ።

"አይ... አበባ ነው አባባ። የውሃ አበባ።"

"ከብት ይበላዋል?"

"አይበላም። ለዓይን ነው።"

"ለዓይን!" አሉ አባባ፣ እንደተሰደቡ ሁሉ። ባለ ጀልባው ፊቱን ወደ ሞተሩ አዙሮ ሳቀ፤ እኔም ዘንቢሌ ላይ አቀርቅሬ ሳቅሁ።

ዘጌ ስንደርስ ጫካው ከውሃው ዳር ይጀምራል። ዳገቱን ስንወጣ ባሌ አባባን በክንዳቸው ይዞ፣ እኔ ዘንቢሉን በክንዴ ይዤ ነው። ቡናው ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ጥላ ለብሶ ቆሟል። ባሌ ለዚህ ስፍራ ያስቀመጠው ትልቅ ነገር ነበረው፤ በዚህ ምድር በሬ ጠምዶ ማረስ የተገዘተ መሆኑን፣ ጫካው እስከ ዛሬ የቆየውም ለዚህ መሆኑን። እንግዶች እዚህ ላይ ሁሌም "እህ!" ይላሉ። አባባ ግን ባሉበት ቆሙ።

"በሬ የለም ነው የምትለኝ?"

"የለም አባባ! ከጥንት ጀምሮ!"

"ታዲያ ሰዉ ምን ሠርቶ ይበላል?"

"ቡና ይለቅማል፣ ጌሾ ይሸጣል..."

"በሬ የሌለበት አገር!" አሉና ያሳደጉትን በሬ ሁሉ በልባቸው የሚጠሩ ይመስል ጣታቸውን አንድ ባንድ አጠፉ። ባሌ ግንባሩን በመሐረብ ጠረገ። ገብስ አርሰው ለኖሩ ሰው በሬ የሌለበትን አገር እንደ ገነት አድርጎ መሸጥ የባሌ ጥበብ ነው። ጣናን ለማሳየት እንጂ የሚያሳየውን ሰው ለማየት ጊዜ ኖሮት አያውቅም።

እነሱ ጫካው ውስጥ ያለውን ቤተ ክርስቲያን ሊሳለሙ ወደፊት ሲሄዱ እኔ ከዳገቱ ላይ ትንፋሽ ልሰብስብ ብዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ከበላዬ ምንቃሩ ከሰውነቱ የማያንስ ጥቁርና ነጭ ወፍ እንደ አህያ አናፋ። ደነገጥሁና ብቻዬን ሳቅሁ። አንዲት ጦጣ ከቡናው መሀል መጥታ፣ አየችኝ፣ ዘንቢሉን አየች፣ ደግማ አየችኝና አንድ እንቁላል አንሥታ ሄደች። እቅርንጫፍ ላይ ተቀምጣ ልጣጩን አንድ ባንድ ስታነሣ ተመለከትኋት፤ ባሌ በዚያ ጥንቃቄ እንቁላል ልጦ አያውቅም። ውሃው በዛፎቹ መሀል ያበራል። ንፋሱ ቀዝቃዛ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ እንዲህ ያለ ቀዝቃዛ ንፋስ መኖሩን አላውቅም ነበር።

ያኔ ተናደድሁ። ደስ ብሎኝ ነው የተናደድሁት። ይህ ሁሉ የአንድ ጠዋት መንገድ ላይ ነበር። የባሌ የአክስት ልጆች ከዱርቤቴ ከተማ መጥተው እዚህ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ የአክስቱ ልጆች ሚዜዎች ተቀምጠዋል፤ አንድ ጊዜ የመጣ የምጣድ ነጋዴ እንኳ ተቀምጧል። እኔ ደግሞ የእነሱን ዓሣ ስፍቅ ሰባት ዓመት አለፈኝ፤ ከሰባቱም በአንዱ ባሌ "ነይ እንሂድ" አላለኝም። ክፋት ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ጨርሶ አልመጣለትም።

ስንመለስ ባለ ጀልባው ዓባይ ወደሚወጣበት ወሰደን። እዚያ ውሃው ደንገል በሚሉት ረጅም ቄጠማ ውስጥ ይበታተንና ትንንሽ ኩሬ ይሠራል፤ አንዱ ኩሬ ከሌላው በደንገሉ ተጋርዷል። ባሌ ከፊት ተነሥቶ ቆመ። ይህ የቀኑ መጨረሻ፣ የነገሩም መደምደሚያ ነበር።

"እዚህ ናት አባባ። ሁሌም እዚህ ናት።"

ሁለቱም ዋናው ውሃ ላይ አፈጠጡ። ጉማሬ የለችም። ባሌ ፀሐዩ ነው አለ። ቆይቶ የሞተሩ ጩኸት ነው አለ። ባለ ጀልባው ሞተሩን አጠፋ። ጉማሬ የለችም። ባሌ ባለፈው እንግዶች ሲመጡ እንዴት እንደነበረች፣ እንዴት አፏን እንደከፈተች፣ እስከ ምን ድረስ እንደከፈተች በሁለት እጁ ያሳይ ጀመር። አባባ ካፖርታቸው ውስጥ ሆነው ዓይናቸው መጨፈን ጀምሯል።

እኔ ከኋላ ነኝና ዓይኔ የሚያየው የኋላውን ነው። በደንገሉ ክፍተት ውስጥ አንዲት ጠባብ ኩሬ ነበረች። ውሃዋ ውስጥ ድንጋይ መሰለኝ። ድንጋዩ ጆሮውን አራገበ። ከጎኑ ደግሞ ሌላ፣ ትንሽ፣ ሮዝ መሳይ አፍንጫ ብቅ አለና እፍ ብሎ ተነፈሰ። ግልገሏን ይዛለች። ትንሿ በእናቷ ጀርባ ላይ ለመውጣት ትሞክራለች፣ ትንሸራተታለች፣ ውሃ ውስጥ ትገባለች፣ ደግሞ ትወጣለች። እናትየዋ ግን ከኛ ዓይኗን አልነቀለችም።

ባለ ጀልባው አየኝ፣ እሱም አያት። ጣቱን በከንፈሩ ላይ አደረገ። ግልገል የያዘች ጉማሬ ቀልድ አታውቅም፤ መቅዘፊያውን አንሥቶ ጀልባውን ቀስ አድርጎ ወደ ኋላ ያርቀው ጀመር። ባሌ ከፊት ሆኖ እጁን ዘርግቶ አሁንም የባለፈውን ጉማሬ አፍ እየለካ ነበር። አንድ ቃል ብተነፍስ ይዞራል። ዞሮም ይጮኻል፤ አባባን ይቀሰቅሳል፤ ጉማሬዋን ያስደነግጣል፤ ከዚያ በኋላ ጉማሬዋ የእሱ ትሆናለች። ዝም አይነቅዝም። አፌን ዘጋሁና ደንገሉ እስኪጋርዳት ድረስ ብቻዬን አየኋት።

ሰኞ የምመልሰውን የወሰንሁት እዚያ ነው። እቀራለሁ አልሁ በልቤ። ለባሌ ብዬ አይደለም፤ እሱ በዚያች ሰዓት ለእኔ የጀልባው ጫፍ ላይ የቆመ ጀርባ ነበር። ይህን ውሃ ገና አላየሁትም፤ ሳላየው ደግሞ ለማንም ትቼ አልሄድም።

"ዛሬ ዕድል የለንም" አለ ባሌ፣ ቁጭ ብሎ። "እሷም አወቀች መሰለኝ።"

ወደ ቤት ስንመለስ ያው ዓሣ ገዛ፤ ያለ ዓሣ እንግዳ መሸኘት አይችልም። እኔም ያው ፋቅሁ፣ ጠበስሁ። ተበልቶ እጅ ከታጠበ በኋላ አባባ ካፖርታቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ አወለቁ። ነገር ሊናገሩ መሆኑን ያወቅሁት በዚህ ነው። ባሌ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

"እንግዲህ አገሩን ዞርኩት" አሉ። "በሬ የሌለበት ምድር አየሁ። ከብት የማይበላው ሣር አየሁ። ጉማሬ አለ ተብዬ ጉማሬ አጣሁ። ሙቀቱንም ቢምቢውንም ቀመስኩ። ግን ሰውየው ደግ ነው። ቀኑን ሙሉ በክንዴ ይዞ አወጣኝ፣ አወረደኝ። እኔን ሽማግሌውን እንዲህ የያዘ ሚስቱን አይጥላትም። እኔ ያሰብኩት፣ ልጄ እዚሁ ከትዳሯ ትቆይ ነው።"

ቀኑን ሙሉ ዘንቢሉን ማን እንደያዘው አላዩም። እሱንስ ተዉት፤ ክፉው ነገር እጃቸውን ለምርቃት ማንሣታቸው ነበር። በእኛ ቤት ነገር የሚያልቀው በምርቃት ነው። ሽማግሌው ከመረቀና አሜን ከተባለ በኋላ ያን ነገር የሚያነሣ ሰው ምርቃት ላይ እንደተፋ ይቆጠራል። "ትዳራችሁን ያጽናው" አሉ። ባሌ "አሜን!" ብሎ ቤቱን አናጋው። "እዚሁ በጎጆሽ ያኑርሽ..." ሲሉ ፊታቸው ወደ እኔ ዞረ።

የፈረዱት እኔ የወሰንሁትን ነው። አሜን ብል የሚጎድልብኝ ነገር አልነበረም። ግን አሜን ካልሁ የቀረሁት እሳቸው ስላሉ ይሆናል፤ ባሌም ይህን ለልጅ ልጅ ያወራዋል።

"አባባ፣ ምርቃቱን ትንሽ ያቆዩልኝ" አልሁ።

አሳዳጊዬ ናቸው፤ እወዳቸዋለሁ፤ በሕይወቴ ቃላቸውን አቋርጬ አላውቅም። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ባሌ ጣራው የወረደበት ይመስል አየኝ።

"ስለ እኔ ነው የምትነጋገሩት" አልሁ። "እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም። አንተም አልጠየቅኸኝም፣ አባባ እርስዎም አልጠየቁኝም።"

አባባ እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። "እውነትሽን ነው" አሉ ግን፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። "ምን ትያለሽ ልጄ?"

ጥያቄው ሲመጣ እንባዬ ቀደመኝ። "እቀራለሁ" አልሁ።

"ይኸው!" አለ ባሌ፣ ከመቀመጫው ተነሥቶ። "ያንኑ አይደል እንዴ ያልነው? ታዲያ ምርቃቱን ለምን አቋረጥሽ?"

"ያንኑ አይደለም። እስከ ዛሬ ጠዋት ሐሳቤ መሄድ ነበር። የቀረሁት ጉማሬዋን ካየሁ በኋላ ነው። ከእንግዲህ እንግዳ ሲመጣ ጀልባው ላይ እኔም አለሁ፤ ዓሣውን ስንመለስ የራበው ይፋቀው።"

ባሌ ከዚህ ሁሉ የሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው። "የትኛዋን ጉማሬ?"

"ከነግልገሏ ነበረች። ከጀርባህ።"

"ከጀርባዬ? ዛሬ? እኔ እዚያ ቆሜ?"

አባባ መጀመሪያ በአፍንጫቸው፣ ከዚያ በሆዳቸው፣ በመጨረሻም ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ሳቁ ሲበርድላቸው ዓይናቸውን ጠርገው ወደ እኔ ዞሩ። "አሁንስ ልመርቅ?" አሉኝ።

"አሁን ይመርቁ አባባ።"

እጃቸውን አነሡ። ከመጀመሪያው ጀምረው መረቁ፤ እኔም በየቃላቸው አሜን አልሁ። ባሌ አሜን ማለቱን ረስቶ፣ በምርቃቱ መሀል ወደ ጆሮዬ ጠጋ እያለ፣ "በየትኛው ኩሬ?" ይለኝ ነበር። እስካሁን አልነገርሁትም።